የእርሻ ሠራተኛ እጅና የጉዳቱ ታሪክ



በዓመት አንድ ጊዜ በምትወጣው በዚህች መጽሔታችን ላይ ስለ ዕድራችን አመሠራረት፣ ስለ ሰፈራችን መንገድና ውኃ፣ ከመካከላችን ስለተለዩን ወንድሞችና እኅቶች ብዙ ተጽፏል። እኛ ደግሞ ዘንድሮ ለመጻፍ የተነሣነው ሁላችንም ስናየው ኖረን ልብ ስላላልነው ጉዳይ ነው። ይኸውም በእርሻ ሥራ ምክንያት በእጅና በክንድ ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት፣ ድሮ እንዴት ይታከም እንደነበረና ዛሬ የት እንደደረሰ ነው።

«ከተማ ገብተን፣ የባቡር ጣቢያ ደጃችን ተሠርቶልን፣ ስለ ገበሬ እጅ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚለን አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ለቡ ዛሬ ፎቅና አስፋልት ይሁን እንጂ ትናንት እርሻ ነበር። አሁን ለቡ መብራት ኃይል፣ ቫርኔሮ፣ ጀሞ፣ ሃና ማርያም እያልን የምንጠራው ሁሉ ጤፍና ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት መሬት ነበር። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የጅቡቲ አዲሱ የባቡር መስመር በፉሪ ለቡ ጣቢያ ሲመረቅ፣ በዚያ ቦታ ያረሱ ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ዛሬም ከዕድራችን ድንኳን ውስጥ ከሚቀመጡት አዛውንቶች ብዙዎቹ እጃቸውን ቢዘረጉ፣ አንዱ ጣቱ አልታጠፍ ያለው፣ የሌላው ክንድ ተጣሞ የገጠመ ነው። ይህ ሁሉ የማጭድ፣ የእርፍና የገጀራ ጽሑፍ ነው። እንግዲህ ጽሑፉን ማንበብ የኛ ፈንታ ነው።

እጅ በአገራችን ያለው ቦታ

አባቶቻችን የእጅን ዋጋ ምን ያህል ያውቁ እንደነበረ ከንግግራቸው ይታወቃል። ገንዘብ ያጣ ሰው «እጅ አጠረኝ» ይላል። ተስፋ የቆረጠ «እጀ ሰባራ ሆንኩ» ይላል። የተሸነፈው «እጁን ሰጠ» ይባላል። ወጥ ያጣፈጠችው «እጅሽ ይባረክ» ትባላለች። ለትልቅ ሰው የሚቀርበው ስጦታ «እጅ መንሻ» ነው። መለኪያችንም እጅ ነበር። ጨርቁ በክንድ፣ እንጨቱ በስንዝርና በጋት፣ እህሉ በእፍኝ ይለካ ነበር። አጫጁም እህሉን በጭብጥ በጭብጥ እየያዘ አጭዶ ነዶ ያደርገዋል። እጁን ያጣ ገበሬ እንግዲህ መሣሪያውንም መለኪያውንም አንድ ላይ አጣ ማለት ነው።

ይህን የሚያውቁት ሐኪሞች ብቻ አልነበሩም፤ ቀጭዎችም ያውቁት ነበር። በ1888 ዓ.ም. ከአድዋ ጦርነት በኋላ ለጣሊያን ተሰልፈው ከተማረኩት አስካሪዎች ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው እንዲቆረጥ መደረጉ በታሪክ የተጻፈ ነው። ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን እርፍም አይዝም። ያ ቅጣት በሰው ላይ በቁጣ የተጣለ ነበር። ገበሬው ላይ ግን ያው ዕጣ ያለ ጥፋቱ፣ እንጀራውን ሲፈልግ ይወድቅበታል።

ማጭድና እርፍ

ማጭድ ይዞ የማያውቅ ሰው አደጋውን ላይረዳው ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፉ ሲደርስ አጫጁ ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ እህሉን ይጨብጣል፤ በቀኙ ማጭዱን ከጭብጡ ሥር አስገብቶ ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ ግራ እጅ ነው፤ ከግራ እጅም ከታች ያለችው ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ። ጠዋት ሰው ንቁ ነው። ፀሐይ ሲከር፣ ወገብ ሲደክም፣ ደግሞም በደቦው ላይ ጎበዝ ከጎበዝ ጋር ሲሽቀዳደም ማጭዱ ይስታል።

ቁስሉ ትንሽ መስሎ ይታያል። ሰውየው ጨርቅ ጠቅልሎበት ማጨዱን ይቀጥላል። በሁለት ሦስት ሳምንት ቆዳው ይገጥማል፤ ጣቲቱ ግን አትታጠፍም። ለምን ቢባል፣ የተቆረጠው ቆዳው ብቻ አልነበረም። ጣትን የሚያጥፈው ጅማት ሲበጠስ እንደ ተለቀቀ ገመድ ወደ መዳፍ ይሸሻል። ካልተሰፋ በስተቀር ራሱን በራሱ አይገጥምም። ሐኪም በጊዜው ቢሰፋው ጣቲቱ ልትድን ትችል ነበር። ሽማግሌዎቻችን «ደርቃ ቀረች» የሚሏት ጣት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የቀረች ናት።

እርፉ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ማረሻው ከመሬት ውስጥ ካለ ጉቶ ወይም ድንጋይ ጋር ሲጋጭ፣ በሬዎቹ እየጎተቱ ስለሆነ፣ እርፉ ተመልሶ የአራሹን አንጓ ይመታል። ከዚያ ሌላ የበሬ ቀንድ አለ፣ የበቅሎ እርግጫ አለ፣ ለሞፈር የሚሆን እንጨት ሲቆረጥ ከዛፍ መውደቅ አለ። የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ስለሆነ የሚሰበረውም እጁ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ክፉ ነገር ይጨመራል። ገበሬው ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት ይነሰንሳል፣ አንዳንዱ አመድ ወይም ቅቤ ያደርጋል። ደሙ ቆመ ብሎም ይደሰታል። ሆኖም በአፈርና በከብት አዛባ ውስጥ የሚኖረው የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ፣ አየር በማይገባው የተዘጋ ቁስል ውስጥ ይመቸዋል። የሴቶቹን ያህል እንኳ ወንዱ ገበሬ ክትባቱን አያገኝም። እናቶች በእርግዝናቸው ጊዜ ይከተባሉ፤ ወንዱን ግን ማን ይጥራው? ከአንድ የጣት ቁስል ተነሥቶ ሰው የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ዕድር የሚጠራውም ያኔ ነው።

ወጌሻ

ሆስፒታል ባልነበረበት ዘመን የተሰበረውንና የወለቀውን የሚያየው ወጌሻ ነበር። ወጌሻን እናንቋሽሽ ብለን አልተነሣንም። ቅርብ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ይመጣል፤ ዋጋው አይከብድም፤ ቋንቋችንን ይናገራል። የወለቀውን ትከሻ ቦታው የመለሰ፣ የተሰበረውን ክንድ ያቀና ብዙ ወጌሻ አለ። ትልቁ ስታድየም ውስጥ እንኳ እግር ኳስ ተጫዋች ሲወድቅ «ወጌሻ!» ተብሎ ነው የሚጮኸው።

ችግሩ ያለው ከማሰሪያው ላይ ነው። ወጌሻው ስብራቱን አቅንቶ በተሰነጠቀ ሸንበቆ ወይም ቀርከሃ ዙሪያውን ከብቦ በጨርቅ ጠፍንጎ ያስራል። ስብራት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። ማሰሪያው አይሰፋም፣ ክንዱ ግን ያብጣል፤ ስለዚህ እብጠቱ ወደ ውስጥ ይመለስና ደም የሚሄድበትን መንገድ ይዘጋል። ሥጋ ደም ሳያገኝ ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ መሞት ይጀምራል። ሕመምተኛው «አመመኝ፣ ፍቱልኝ» ቢል «ወንድ ልጅ ቻል አድርገው፣ መጠገኑ ነው» ይባላል። በማግሥቱ ሕመሙ ይተዋል። ቤተ ሰቡ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። የተወው ግን ሕመሙ ብቻ ሳይሆን እጁ ነው። ጣቶቹ ይጠቁራሉ፣ ከዚያም ሆስፒታል ሲደርስ ለሐኪሙ የሚቀረው መጋዝ ብቻ ነው።

ይህ እኛ የፈጠርነው ወሬ አይደለም። በጥቁር አንበሳና በሌሎችም ሆስፒታሎች የሚሠሩ የአጥንት ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ሲጽፉበት የኖሩት ጉዳይ ነው። ከተጎጂዎቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው፤ ከብት ጥበቃ ላይ ከዛፍ ወይም ከአህያ የወደቁ ልጆች። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ አለ። ወጌሾችን ሰብስቦ ስለ ማሰሪያ አደጋ አጭር ትምህርት መስጠት የሚቆረጡትን እጆችና እግሮች ቁጥር በግልጥ እንደቀነሰ ከራሳችው ከሐኪሞቻችን ጽሑፍ ታይቷል። ወጌሻውን መሳደብ አንድም እጅ አላዳነም፤ ማስተማሩ ግን አዳነ።

ሆስፒታልና ዘነበወርቅ

ከአድዋ በኋላ የመጣው የሩስያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን በማከም ዘመናዊ ሕክምናን በከተማችን አስተዋወቀ። የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ከ1902 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ይሁን እንጂ እጅን ለይቶ የሚያክም ሐኪም ለረዥም ጊዜ አልነበረም። እጅ ከተበላሸ መቁረጥ፣ ካልተበላሸ መስፋት ነበር።

የእጅ ሕክምና ጥበብ በአገራችን ሥር የሰደደበት አንዱ ቦታ ከሰፈራችን ብዙም የማይርቀው ዘነበወርቅ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. አለርት ሆኖ ለመላው አፍሪቃ የማሠልጠኛ ማዕከል ተደረገ። የሥጋ ደዌ የሚያጠቃው ቆዳን ብቻ ሳይሆን የስሜት ነርቭንም ነው። ሕመምተኛው ገበሬ እርፍ ሲይዝ መዳፉ ሲላጥ አይሰማውም፤ ትኩስ ድስት ሲያነሣ ሲቃጠል አይሰማውም። ጣቱ በበሽታው ተቆርጣ እንደወደቀች ሰው ያወራል፤ ነገሩ ግን አለመሰማቱ ያመጣው የቁስል ብዛት ነው።

በህንድ አገር በቬሎር ዶክተር ፖል ብራንድ የሚባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ የደከመውን ጡንቻ ሥራ እንዲሠራ ደኅናውን ጅማት ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው አዛውሮ በመስፋት የተጨበጠ እጅ እንዲከፈት የማድረግን ጥበብ አስፋፉ። ያ ጥበብ በአለርትም ለአገራችን ልጆች እጅ ዋለ። ትልቁ ትምህርት ግን ከቢላዋው ይልቅ ከቢላዋው በኋላ ያለው ነበር፤ ይኸውም እጁን ማለማመድ፣ የመሣሪያ እጀታ በጨርቅ መጠቅለል፣ ማታ ማታ መዳፍን በዓይን መመርመር። ዛሬ አለርት የአደጋ ሕክምናም የሚሰጥበት ሆስፒታል ሆኗል። የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ተብሎ የተገለለው ሰው እጅ፣ ለጤነኛው ገበሬ እጅ መታከሚያ መንገድ ከፈተ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሸንኮራና ገጀራ

ገበሬው በገዛ መሬቱ ሲቆስል የሚጠይቀው የለም። ሰው ለሌላው ሲያርስ መቁሰል ሲጀምር ግን «ማነው የሚከፍለው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ይህ ጥያቄ ጎላ ብሎ ከተነሣባቸው ቦታዎች አንዱ የአዋሽ ሸለቆ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ ከናዝሬት አጠገብ በወንጂ ሸንኮራ ተከለ። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወንጂ ሸዋ ተከተለ፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የመተሐራው ተጨመረ። መሬቱ የጅሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች ግጦሽ የነበረ ሲሆን፣ ለሸንኮራ ቆረጣው ከከምባታ፣ ከሐድያና ከወላይታ ብዙ ሺህ ሰው ወረደ።

የሸንኮራ ቆረጣ ቀላል ሥራ አይደለም። ቅጠሉ እንዲቃጠል በእሳት ይለቀቃል፤ በማግሥቱ ቆራጩ ጥላሸት ውስጥ ይገባል። በግራ እጁ ሸንኮራውን ይይዛል፣ በቀኙ ገጀራውን ያነሣል፣ ከሥሩ ይመታዋል፣ ጫፉንም ይከረክማል። ይህን በቀን ስንት መቶ ጊዜ ደጋግሞ ያደርገዋል። የሚከፈለው በቆረጠው ልክ ስለሆነ ይቸኩላል። ገጀራው ላብ በላብ ከሆነ መዳፍ ያመልጣል፣ ወይም ሸንኮራውን ስቶ ግራ እጅ ላይ ያርፋል። ገጀራ እንደ ማጭድ አይሸረክትም፤ አጥንት ድረስ ይገባል።

የሠራተኛ ማኅበር በሕግ ከመታወቁ በፊት፣ በየፋብሪካውና በየእርሻው ሠራተኛው የሚሰባሰበው በመረዳጃና በዕድር ስም ነበር። ይህን የዕድራችን ወጣቶች ልብ ይበሉልን። ዕድር ሬሣ ለመቅበር ብቻ የተፈጠረ አይደለም። እጁ የተቆረጠው ሠራተኛ «ወገን አለኝ» ያለው መጀመሪያ በዕድሩ ነው። በ1967 ዓ.ም. እርሻዎቹ የመንግሥት ሆኑ፤ ያው ገጀራ ግን በያው መዳፍ ውስጥ ቀጠለ።

ከመዝገብ ያየነው

እኛ ስድስተኛ ክፍል ጨርሰን ሥራ የገባነው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን አንድ የእርሻ ድርጅት ውስጥ ብዙ ዓመት በጸሐፊነት ሠርተናል። ከምንይዛቸው መዛግብት አንዱ የአደጋ መዝገብ ነበር። በርሱ ላይ ስም፣ የሥራ ክፍል፣ ቀን፣ የተጎዳው አካል፣ ምክንያቱ፣ ከሥራ የቀረበት ቀን ይጻፋል። ከገጽ ገጽ ሲገለበጥ «ግራ እጅ»፣ «ግራ እጅ»፣ «ቀኝ አንጓ»፣ «ግራ እጅ» ይላል። ምክንያቱ ዓምድ ላይ ደግሞ አለቃው የሚያስጽፈው ሁልጊዜ አንድ ቃል ነበር፤ «ባለመጠንቀቅ»።

በዚያ ቃል ውስጥ ብዙ ነገር ተቀብሯል። የገጀራው እጀታ መላላቱ አይጻፍም። ጓንት አለመሰጠቱ አይጻፍም። ሰውየው ከንጋት ጀምሮ ምግብ አለመቅመሱ አይጻፍም። ቋሚ ሠራተኛው ቢጎዳ ወረቀቱ ዘግይቶም ቢሆን ይሄድለታል። ወቅታዊው ሠራተኛ ግን የሚታወቀው በካቦው ሥር ባለ ቁጥር ነው። ክሊኒክ ታጥቦ፣ ታሽጎ፣ የሠራበት ቀን ተቆጥሮ፣ በመጣበት መኪና ይሸኛል። አገሩ ሲደርስ አርሶ መብላት የማይችል ሰው ሆኖ ይደርሳል። እነዚያ ሰዎች በኛ እጅ ጽሑፍ ስማቸው ተጽፎ ቀርቷል፤ ያገኙት ካሣ ግን የለም። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን፣ እነሱ ሊጽፉት ስለማይችሉ ነው።

ሕጉ ምን ይላል

በአገራችን የአሠሪ ኃላፊነት በጽሑፍ የሰፈረው ዛሬ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውልና በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ድንጋጌ ነበረው። ከርሱ በኋላ አዋጅ ቁጥር 210/1956፣ አዋጅ ቁጥር 64/1968፣ አዋጅ ቁጥር 42/1985፣ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ተከታትለው ወጥተዋል። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዓለምም ቢሆን የእርሻ ሠራተኛ እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ ካሣ ይገባዋል የሚለው ስምምነት በዓለም የሥራ ድርጅት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። መቶ ዓመት አለፈው ማለት ነው።

በአሁኑ አዋጅ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የሕክምናውን ወጪ፣ ሰው ሠራሽ አካል ካስፈለገም የርሱን ወጪ ይሸፍናል። ለጊዜው ከሥራ ለተለየ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉትን ሦስት ወራት ከደመወዙ 75 በመቶ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት 50 በመቶ ይከፍላል። በጡረታ ወይም በመድን ያልተሸፈነ ሠራተኛ ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት የማይችል ከሆነ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ይከፈለዋል፤ ጉዳቱ በከፊል ከሆነ እንደ ጉዳቱ መጠን ይታሰባል። ለምሳሌ ያህል በወር 3,000 ብር የሚያገኝ ሰው የዓመቱ 36,000፣ አምስት እጥፉ 180,000 ብር ነው። ሐኪሞች የእጁን ጉዳት 20 በመቶ ቢሉት 36,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ ብቻ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። «ወረቀት የለህም» ተብሎ የሚባረር የቀን ሠራተኛ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ኖሮ! ምስክር ከወረቀት አይተናነስም። ነገር ግን ምስክሩ ሳይበተን፣ ጊዜው ሳያልፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለራሱ የሚያርሰው ገበሬስ? ለርሱ አሠሪ የለውም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ መጀመሪያ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ ዐቀፍ ጤና መድን የሕክምናውን ወጪ ያቃልልለታል። ያላረሰበትን ክረምት ግን አይከፍለውም። የዚያን ጊዜ መድኑ ደቦና ወንፈል ነው። እጁ የታሰረውን ሰው ማሳ ጎረቤቶቹ ወጥተው ያርሱለታል፣ ያጭዱለታል። ይህን አዋጅ አላዘዘውም፤ ግን ከአዋጅ ቀድሞ ይደርሳል።

አዲሱ አደጋ

አሁን ደግሞ በየገጠሩ መውቂያ ማሽን ገብቷል። በሬ አውድማ ላይ ሲዞር ከሚፈጅበት ጊዜ በጥቂቱ ሥራው ያልቃል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከሌላው ዓለም የምንማረው አለ። አሜሪካኖች የበቆሎ መልቀሚያ ማሽን በየእርሻው ባስገቡበት ጊዜ የብዙ ገበሬ እጅ ተበላ። በህንድም የመውቂያ ማሽን ስንዴ አምራቾችን ስለጎዳ እ.ኤ.አ. በ1983 አደገኛ ማሽኖችን የሚቆጣጠር ሕግ እስከማውጣት ተደርሷል። በሁለቱም አገር ምክንያቱ አንድ ነበር። ማሽኑ ጭድ ሲያንቀው ሰውየው ሳያጠፋው እጁን ይሰድዳል። ማሽን ደግሞ ከእጅ ይፈጥናል። ጋቢና ነጠላም በቀበቶው ከተያዘ ባለቤቱን ይዞ ይገባል።

በመተማና በሑመራ የሰሊጥ አጨዳም የእጅ ጠላት ሌላ ነው። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ከዘገየ ይረግፋል፤ ስለዚህ ከአማራ ደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በጥድፊያ ያጭዳል። በሣር ውስጥ የተኛው እባብ የሚያገኘው ጎንበስ ያለውን ሰው እጅ ወይም እግር ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአብዱራፊ ይህን ሲያክም ቆይቷል። እባብ የነደፈውን እጅ በገመድ ጠፍንጎ ማሰር ያው የወጌሻውን ማሰሪያ አደጋ መድገም ነው።

የለቡ ልጆችም ማጭዱን ቢተዉትም ከአደጋው አልራቁም። መሬቱ ለቤት ሥራ ሲሄድ ገበሬው ዘበኛ፣ ልጁ የግንባታ ሠራተኛ ሆነ። ማጭዱ በፌሮ መቁረጫ ተለወጠ እንጂ ግራ እጅ ያው ግራ እጅ ነው።

ለአባላት ማሳሰቢያ

ከዚህ ሁሉ ለቤታችን የሚሆነውን እንደሚከተለው ለይተን አቅርበናል።

1ኛ፦ እጅ ሲቆረጥ ቀለበት ካለ ሳያብጥ ይውለቅ። ቁስሉ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ፣ እጁም ከፍ ይበል። ቡና፣ አመድ፣ ቅቤ ይቅር።

2ኛ፦ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ጣቱ አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ ካለ፣ ወይም ከደነዘዘ፣ ጅማት ወይም ነርቭ ተነክቷልና በዕለቱ ሆስፒታል ይሂድ።

3ኛ፦ ጣት ተቆርጦ ከወደቀ አይጣል። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በላስቲክ ይደረግ፤ ላስቲኩም በበረዶ ውኃ ላይ ይቀመጥ እንጂ ጣቱ በረዶውን አይንካ።

4ኛ፦ ወጌሻ ያሰረው ክንድ ሕመሙ ከጨመረ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከደነዘዙ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያው ይፈታ፤ ወደ ሆስፒታልም ይኬድ። ሕፃን ልጅ ሲያለቅስ «ይለምደዋል» አይባል።

5ኛ፦ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያልወሰደ ወንድ አባል ሁሉ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ።

ዕድራችንስ?

የመጨረሻው ነገር የዕድራችን ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን አባል ሲሞት የሚከፈለው ተጽፏል፤ የቤተ ሰቡ ሞት ተጽፏል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ ተጽፏል። እጁን ላጣ አባል ግን አንድም መስመር የለም። ይህ ማለት ሰውየው በመንጋጋ ቆልፍ ከሞተ እንረዳዋለን፣ እጁ ተቆርጦ ከነልጆቹ ከዳነ ግን አናውቀውም ማለት ነው። ነገሩ ሲታሰብ ያሳዝናል።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከየወሩ መዋጮ ጥቂት ተቀንሶ ለአደጋ ጊዜ ብቻ የሚውል ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፤ ሌሊት ለመኪናና ለመጀመሪያ ሕክምና የሚሆን። ብዙ እጅ የሚጠፋው የመኪና ገንዘብ ሲለመን በሚያልፈው ሰዓት ነውና። ሁለተኛ፣ በዓመት አንድ ቀን ሐኪም ተጋብዞ፣ በአካባቢያችን ያሉ ወጌሾችም ተከብረው ተጠርተው፣ ስለ ማሰሪያ አደጋ አንድ ላይ እንማር። ድንኳኑ አለን፣ ወንበሩ አለን፤ የጎደለ ነገር የለም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ዕድርተኛ በቀብር ቀን አካፋ ተቀባብሎ አፈር እንደሚመልስ ሁሉ፣ አካፋ መያዝ ያቃተውንም ሰው በሕይወቱ ሳለ ቢይዘው ምን ይጎድልበታል? የጉባኤው አባላት አስበውበት እንዲመጡ በትሕትና እናሳስባለን።

ቸር ይግጠመን።